የኮርማው ዘርና የልጆቹ መዝገብ

በኦሪት ዘፍጥረት በ30ኛው ምዕራፍ እንደ ተጻፈው፣ ያዕቆብ የአጎቱን የላባን መንጋ በሚጠብቅበት ዘመን፣ ሽመልመሌ፣ ዝንጉርጉርና ነቍጣ ያለባቸው ግልገሎች ደመወዙ እንዲሆኑለት ከተዋዋለ በኋላ፣ እርጥብ በትሮችን ወስዶ ነጩ እንዲገለጥ ልጦ፣ መንጋው ሊጠጣ በሚመጣበት በውኃ ማጠጫው ገንዳ ፊት ያቆማቸው ነበር፤ ይህንም የሚያደርገው ብርቱዎቹ በሚፀንሱበት ጊዜ ብቻ ስለ ነበረ ደካሞቹ ለላባ፣ ብርቱዎቹም ለያዕቆብ ሆኑ። እናቲቱ በፀነሰችበት ሰዓት ያየችው ነገር በፅንሱ ላይ መልኩን ያትማል የሚለው እምነት በብዙ ሕዝብ ዘንድ ለብዙ ዘመናት ጸንቶ የኖረ ነው፤ የኋላ ዘመን ምርምር ግን አልተቀበለውም። ብርቱውን ከደካማው ለይቶ ማራባት ያን ጊዜም ዛሬም የርባታ ጥበብ መሠረት ሆኖ ይገኛል።

ከዚያ ዘመን ወዲህ አርቢ የሆነውን ሰው ሁሉ ሁለት ጥያቄዎች ሲያስጨንቁት ኖረዋል። አንደኛው፣ የመልካሙን ተባዕት ዘር እንስሳው ራሱ ሊደርስበት ወደማይችል ቦታና ዘመን ማድረስ ይቻል እንደ ሆነ ነው፤ ሁለተኛው ደግሞ መልካሙ ተባዕት የትኛው እንደ ሆነ በምን ይታወቃል የሚለው ነው። ለፊተኛው መልስ የሰጡት አጉሊ መነጽር የያዙ ሊቃውንት ሲሆኑ፣ ለኋለኛው መልስ የሰጡት መዝገብ የያዙ ትዕግሥተኞች ናቸው፤ እኔም ይህን ታሪክ በቅደም ተከተሉ ስተርክ፣ የመጀመሪያዎቹ ዝና የሚገባቸው መሆኑን ሳልክድ፣ የሁለተኞቹ ሥራ ይልቁን ከባድና ይልቁን አስፈላጊ መሆኑን፣ እርሱ ወደ ኋላ በቀረበትም ጊዜ ጉዳት መድረሱን ለማሳየት እሞክራለሁ። ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

በ1677 በሆላንድ አገር በዴልፍት ከተማ፣ ጨርቅ በመነገድ ይተዳደር የነበረውና በትርፍ ጊዜው በገዛ እጁ መስተዋት እየሞረደ አጉሊ መነጽር የሚሠራው አንቶኒ ፋን ሌወንሁክ፣ ዮሐን ሃም የተባለ ተማሪ መነሻ በሰጠው ምልክት ተመርቶ ዘርዐ ተባዕትን በመነጽሩ ሲመረምር፣ ራስና ጅራት ያላቸው፣ እየተጥመለመሉ የሚዋኙ ደቂቅ ፍጥረታት በአንዲት ጠብታ ውስጥ በብዙ ሺህ ሞልተው አገኘ። ያየውንም ለለንደኑ የሊቃውንት ማኅበር ጽፎ ሲልክ፣ ነገሩ ለጨዋ ሰው ጆሮ የሚከብድ ሊመስል ስለሚችል ይገልጡት ወይም ይሰውሩት ዘንድ ለእነርሱ ፍርድ ተወው። ሊቃውንቱ አሳተሙት፤ ነገር ግን እነዚያ ደቂቅ ፍጥረታት ምን እንደሚሠሩ ከመቶ ዓመት በላይ የሚያውቅ አልተገኘም።

ከዚህ በኋላ ወደ እንግሊዝ አገር ስንሻገር፣ በሌስተርሽየር አውራጃ ዲሽሊ በሚባለው እርሻ ላይ ሮበርት ቤክዌልን (1725–1795) እናገኛለን። እርሱ በነበረበት ዘመን አብዛኛው ገበሬ ተባዕቱንና እንስቲቱን በአንድ መስክ ለቆ ሩካቤውን ለአጋጣሚ ይተው ነበር፤ ቤክዌል ግን ተባዕቱን ለብቻ፣ እንስቶቹን ለብቻ አድርጎ የትኛው ከየትኛይቱ ጋር እንዲገናኝ ራሱ ይወስናል፤ የሚፈልገውን ጠባይ ለማጽናትም፣ ብዙዎች እንደ ነውር እያዩበት፣ የቅርብ ዘመዳሞቹን እርስ በርሳቸው ያዳቅል ነበር። የታረዱትን ታላላቅ በጎችና ከብቶች አጥንት፣ በጨው ውኃ የተነከረ ሥጋቸውንም ጭምር በቤቱ አስቀምጦ፣ የልጅ ልጆቻቸው ሲታረዱ የአጥንቱን ቅጥነትና የስቡን ውፍረት ያነጻጽር እንደ ነበር ጎብኝዎቹ መስክረዋል። በዚያ ጊዜ የፋብሪካ ከተሞች እየተስፋፉ፣ ሥጋ የሚፈልገው የሠራተኛ ሕዝብ እየበዛ ስለ ነበር፣ ቶሎ የሚደልበው የዲሽሊ በግ ታላቅ ዝና አተረፈ።

የቤክዌል ጥበብ ከሁሉ ይልቅ የሚታየው ግን አውራ በጎቹን ከመሸጥ ይልቅ ለወቅት በማከራየቱ ይመስለኛል። በ1789 ሦስት አውራ በጎች ብቻ 1200 ጊኒ የሚያህል ኪራይ እንዳስገኙለት ይነገራል፤ ይሁን እንጂ ከገንዘቡ የሚበልጥ ሌላ ጥቅም ነበረው። አንድ አውራ በግ በብዙ ገበሬዎች መንጋ ውስጥ ልጆች ሲወልድ፣ ቤክዌል እየዞረ ግልገሎቹን ያያል፤ በሩቅም በቅርብም፣ በለምለሙም በደረቁም መስክ ያማሩ ልጆች የወለደውን መልሶ ለራሱ መንጋ ይወስደዋል። በዚህ አኳኋን ተባዕቱን በገዛ መልኩ ሳይሆን በልጆቹ የመፍረድ ልማድ በዲሽሊ ተጀመረ፤ ነገር ግን ቤክዌል ምሥጢሩን በጽሑፍ ሳያቆይ ስለ ሞተ፣ ተከታዮቹ ከእርሱ የወረሱት ሥራውን እንጂ መዝገቡን አልነበረም። ይህን ጉድለት የሚሞላ ነገር ብቅ ያለው በ1822 ሲሆን፣ ያን ጊዜ ጆርጅ ኮትስ የአጭር ቀንድ ከብቶችን አባትና እናት ስም በስም የሚዘረዝረውን የመጀመሪያውን የከብት መጽሐፈ ትውልድ አሳተመ።

ቤክዌል በጎቹን በሚያከራይበት በዚያው ዘመን፣ በኢጣልያ በፓቪያ ዩኒቨርሲቲ ሥነ ፍጥረትን የሚያስተምረው ካቶሊካዊው ካህን ላዛሮ ስፓላንዛኒ (1729–1799) ሌላ መንገድ ይዞ ነበር። እርሱ አስቀድሞ በእንቁራሪቶች ላይ ሠራ፤ ለተባዕቱ እንቁራሪት ከሐር ጨርቅ የተሰፋ ትንሽ ሱሪ አልብሶ ከእንስቲቱ ጋር ባገናኘው ጊዜ እንቁላሎቹ መክነው ቀሩ፤ በሱሪው ውስጥ የቀረውን ጠብታ ወስዶ ሌሎች እንቁላሎችን ሲነካበት ግን ነፍስ ዘሩ። ከዚህ ተነሥቶ፣ ጡት በምታጠባ እንስሳም ይህ ይሆን እንደ ሆነ ለማወቅ አንዲት ውሻ በክፍል ዘግቶ ቁልፉን ራሱ ያዘ፤ ውሻይቱ ተባዕት የምትፈልግበት ጊዜ በደረሰ ጊዜ፣ ከወጣት ውሻ የተገኘውን ዘር በሰውነት ሙቀት ልክ በሞቀ ስሪንጅ ወደ ማኅፀኗ አስገባ። ከ62 ቀን በኋላ ሦስት ቡችሎች ወለደች፤ ሁለቱ ተባዕት፣ አንዷ እንስት ነበሩ፤ በመልካቸውም እናታቸውን ብቻ ሳይሆን ዘሩን የሰጠውን ውሻ መሰሉ። ስፓላንዛኒ ይህን በ1780 ባሳተመው መጽሐፍ ሲያበሥር፣ በምርምር ሕይወቱ ከዚህ የሚበልጥ ደስታ ያገኘበት ጊዜ ጥቂት መሆኑን አልደበቀም።

በዚህ ታላቅ ሰው ታሪክ ውስጥ ግን ልብ የሚነካ አንድ ነገር አለ። ዘሩን በወረቀት እያጠለለ ሲመረምር፣ የተጣራው ፈሳሽ የማስፀነስ ኃይሉን እያጣ ሄደ፤ በወረቀቱ ላይ የቀረው ዝቃጭ በውኃ በተበጠበጠ ጊዜ ግን እንቁላሎቹን አስፀነሰ። ሌወንሁክ ያያቸው ደቂቅ ፍጥረታት የቀሩት በወረቀቱ ላይ ነበርና እውነቱ በእጁ ገብቶ ነበር ማለት ነው። ነገር ግን ስፓላንዛኒ፣ ፅንሱ አስቀድሞ በእንቁላሉ ውስጥ ተሠርቶ ይገኛል የሚለውን የጊዜውን ትምህርት አጥብቆ ያምን ስለ ነበር፣ የገዛ ሙከራው የመሰከረውን አልተቀበለም። ይህን የማነሣው እርሱን ለመንቀፍ አይደለም፤ ሙከራውን እንዳየው አድርጎ በሐቅ ጽፎ ስላቆየ፣ እርሱ ያልተረዳውን ከእርሱ በኋላ የመጡት ሊረዱት ችለዋልና ለሐቀኝነቱ ታላቅ ክብር አለኝ።

የ19ኛው መቶ ዓመት የቀረውን ሞላ። በብሩን ከተማ በአውግስጢኖሳውያን ገዳም ይኖር የነበረው መነኩሴ ግሬጎር ሜንዴል በአተር ላይ ያደረገውን ምርምር በ1866 አሳትሞ፣ ጠባይ ከወላጅ ወደ ልጅ የሚተላለፈው በቍጥር በሚታወቅ ሕግ መሆኑን አስረዳ፤ ዓለም ግን እስከ 1900 ድረስ ልብ ሳይለው ቆየ። በ1870ዎቹ ኦስካር ኸርትቪኽ የባሕር እንስሳ እንቁላልን እየመረመረ የተባዕቱና የእንስቲቱ ሕዋሳት አስኳል አንድ ሲሆን አየ። በ1890 ደግሞ እንግሊዛዊው ዋልተር ሂፕ ከአንጎራ ጥንቸል የወሰዳቸውን ሁለት ፅንሶች በቤልጅግ ጥንቸል ማኅፀን ውስጥ አኖረ፤ እርሷም ከራሷ አራት ልጆች ጋር ሁለት ነጫጭ፣ ጠጕረ ረጃጅም የአንጎራ ልጆች ወለደች። የተሸከመችው ማኅፀን የፅንሱን ዘር አለመለወጧን ያየ ሰው፣ በያዕቆብ በትሮች ዘመን የነበረው እምነት ለምን ሊጸና እንዳልቻለ ወዲያው ይረዳዋል።

ይህን ዕውቀት ከቤተ ሙከራ አውጥቶ ወደ መስክ የወሰደው ሩሲያዊው ኢልያ ኢቫኖቪች ኢቫኖቭ (1870–1932) ነው። በዚያን ጊዜ የሩሲያ መንግሥት ለፈረሰኛ ጦሩም ለእርሻውም ብዙ ጥሩ ፈረሶች ይፈልግ ነበር፤ አንድ ድንጉላ ግን በተፈጥሮ ሥርዐት በአንድ ወቅት ከ20 እስከ 30 ባዝራዎች ብቻ ያስረግዛል። ኢቫኖቭ በ1899 ሥራውን ጀምሮ፣ በ1901 በኦርዮል አውራጃ ዶልጎዬ በሚባል ስፍራ የፈረስ ማዳቀያ ጣቢያ አቋቋመ፤ ዘሩን በስፖንጅ እየሰበሰበ ለብዙ ባዝራዎች በማከፋፈል፣ የአንድ ድንጉላ ዘር እስከ 500 ባዝራዎች ሊያዳርስ እንደሚችል አስረዳ። ፈረስ አርቢዎቹና አንዳንድ ሊቃውንትም ያለ ሩካቤ የተወለደ ውርንጭላ ደካማ ወይም መካን ይሆናል ብለው ይሠጉ ነበርና፣ ኢቫኖቭ ብዙ ዓመት የፈጀበት ይህን ሥጋት በማስወገድ ነው፤ ውርንጭሎቹን እያሳደገ፣ ከሌሎቹ ጋር እያነጻጸረ፣ የእንስሳት ሐኪሞችን እያሠለጠነ በትዕግሥት አስረዳቸው። ከእርሱ ዘንድ የተማረው ጃፓናዊ ኢሺካዋ ጥበቡን በ1912 ወደ አገሩ ወሰደ።

የኢቫኖቭ ፍጻሜ ግን ያሳዝናል። በ1930 መጨረሻ በሶቪየት መንግሥት ተይዞ ወደ አልማ አታ ተጋዘ፤ በ1932ም በዚያው በግዞት ከተማ ሞተ። ሥራው ግን አልተጋዘም፤ ሚሎቫኖቭና ባልደረቦቹ በውስጡ ሙቅ ውኃ የሚዞርበትን፣ ከጎማ የተሠራ ሰው ሠራሽ ብልት አሻሽለው በማዘጋጀት፣ የኮርማውንና የአውራ በጉን ዘር ንጹሕና ሳይባክን መሰብሰብ እንዲቻል አደረጉ፤ በታላላቆቹ የኅብረት እርሻዎችም በ1930ዎቹ መጨረሻ ጥበቡ በሚሊዮን ለሚቆጠሩ ላሞችና በጎች ደረሰ።

በዴንማርክ የሆነው ነገር በቍጥር ከዚህ ያነሰ ቢሆንም፣ በእኔ አስተያየት ለገበሬው ሕይወት የሚቀርበው እርሱ ነው። የሩሲያውያኑን ሥራ ያጠና የነበረው ኤድዋርድ ሶረንሰን በ1936 በሳምሶ ደሴት የሚኖሩትን ላም አርቢዎች ሰብስቦ የመጀመሪያውን የማዳቀያ ኅብረት ሥራ ማኅበር አቋቋመ። በመጀመሪያው ዓመት 1070 ላሞች ተመዘገቡ፤ ከመቶው 59ኙ ፀነሱ፤ ይህም በዚያው አገር ኮርማው ራሱ ከሚያስረግዘው ቍጥር የሚያንስ አልነበረም። ሦስትና አራት ላሞች ብቻ ያሉት ድኻ ገበሬ፣ ባለጠጋ ብቻ ሊገዛው ይችል የነበረውን የታላቅ ኮርማ ዘር ለመጀመሪያ ጊዜ በማኅበርተኝነቱ አገኘ። የዴንማርክ ሐኪሞች አንድ እጅ በላሚቱ ፊንጢጣ በኩል አስገብተው የማኅፀኗን አንገት በመያዝ፣ ዘሩን በሌላው እጅ በቀጭን ቱቦ ወደ ውስጥ የማድረስን ዘዴ ስለ ፈለሰፉ፣ የሚያስፈልገው የዘር መጠን እጅግ ቀነሰ፤ ዛሬም በዓለም ሁሉ አዳቃዩ የሚሠራው በዚሁ ዘዴ ነው። ሶረንሰን ዘሩን የሚያሽግበት ዕቃ ሲፈልግ ቆይቶ፣ በሴት ልጁ የልደት በዓል ላይ ልጆች መጠጥ የሚመጡበትን ቀጭን መምጠጫ አይቶ፣ ለዘር ማሸጊያ የሚሆነው ይኸው ነው አለ ይባላል። በ1938 አሜሪካዊው ኢኖስ ፔሪ ዴንማርክን ጎብኝቶ ሲመለስ በኒው ጀርሲ ተመሳሳይ ማኅበር አቆመ።

በዚያው በ1938 ሰው ሠራሽ የማዳቀል ዘዴ በጣልያን አገዛዝ ሥር በነበረችው በአሥመራ ተጀመረ፤ ነገር ግን ወዲያው የመጣው የዓለም ጦርነት አቋረጠው።

የማዳቀሉ እጅ እንዲህ ሲሠለጥን፣ መዝገቡን የያዙትም ሥራቸውን አልተዉም። በአሜሪካ በአዮዋ ክፍለ ሀገር በኤምስ ከተማ ያስተምር የነበረው ጄይ ለሽ በ1937 ስለ እንስሳት ርባታ ዕቅድ ባሳተመው መጽሐፍ፣ በአንዲት ላም ወተት ላይ የምናየው ልዩነት ከፊሉ ከዘሯ፣ ከፊሉም ከመኖዋና ከአያያዟ የመጣ መሆኑን፣ ይህንም ከፊልና ከፊል በሒሳብ መለየት እንደሚቻል አስተማረ። ኮርማ አይታለብምና፣ የኮርማ ዋጋ የሚታወቀው የብዙ ሴት ልጆቹ ወተት ከእኩዮቻቸው ወተት ጋር ተመዝኖ ብቻ ነው። በኔብራስካም ጆርጅ ትሪምበርገር በ1940ዎቹ ላሞች ኮርማ የሚፈልጉበትን ሰዓትና እንቁላል የሚወጣበትን ሰዓት ቀንና ሌሊት እየተከታተለ፣ ጠዋት ድራት የታየባት ላም ከቀትር በኋላ፣ ማታ የታየባት ደግሞ በማግሥቱ ጠዋት ብትዳቀል የተሻለ እንደምትፀንስ አረጋገጠ። የአገራችንም አዳቃዮች ለገበሬው ሲናገሩት የምንሰማው ይህን ምክር ነው።

ታላቁ ችግር የቀረው በጊዜ ላይ ነበር። በካምብሪጅ ከጆን ሃመንድ ጋር ይሠራ የነበረው አርተር ዎልተን በ1930ዎቹ የአውራ በግ ዘር በአውሮፕላን ወደ ፖላንድ ልኮ ግልገሎች አስወልዶ ነበር፤ በዊስኮንሲንም ፊሊፕስና ላርዲ የዶሮ እንቁላል አስኳል ዘሩን ከብርድ ጉዳት እንደሚጠብቀው ስላገኙ፣ ዘር በቅዝቃዜ ለጥቂት ቀናት መቆየት ቻለ። ከጥቂት ቀናት በኋላ ግን የማስፀነስ ኃይሉን ያጣል። ስለዚህ አንድ ኮርማ ከሞተ የልጆቹ መዝገብ ምንም ያህል ቢያመሰግነው ሌላ ልጅ ሊሰጥ አይችልም ነበር፤ የብዙ ኮርማዎች እውነተኛ ዋጋ የሚታወቀውም ካረጁ ወይም ከታረዱ በኋላ ነበርና የመዝገብ ሰዎች ድካም ከንቱ የሚሆንበት ጊዜ ብዙ ነበር።

ይህን መጋረጃ የቀደደው በ1948 እና በ1949 በለንደን ሚል ሂል በሚገኘው ብሔራዊ የሕክምና ምርምር ተቋም የሆነው ነገር ነው። አላን ፓርክስ፣ ኦድሪ ስሚዝና ወጣቱ ክሪስቶፈር ፖልጅ የአውራ ዶሮን ዘር በልዩ ልዩ የስኳር ውኃ እየበጠበጡ ሲያቀዘቅዙ፣ ሲያቀልጡት የሚነሣ ሕይወት እያጡ ተስፋ ወደ መቍረጥ ደርሰው ነበር። ከወራት በኋላ በማቀዝቀዣ ተቀምጦ የነበረውን አንድ ጠርሙስ አውጥተው ሙከራውን ሲደግሙ ግን ዘሩ ከበረዶው ወጥቶ ይዋኝ ጀመር። አዲስ የስኳር ውኃ ቀምመው ሲሞክሩ ደግሞ ምንም አልሆነም፤ አሮጌው ጠርሙስ ብቻ ይሠራል። ሊቃውንቱ በዚህ ጊዜ የቀረውን ጥቂት ፈሳሽ በሙከራ ጨርሰው ቢሆን ኖሮ ምሥጢሩ በዚያው በጠፋ ነበር፤ እነርሱ ግን አስተውለው ቀሪውን ለኬሚስት ሰጡት። ኬሚስቱም በጠርሙሱ ውስጥ ስኳር የሚባል እንደሌለ፣ ያለው ግሊሰሪንና የእንቁላል ነጭ መሆኑን ነገራቸው፤ የጠርሙሶቹ የስም ወረቀት ተለዋውጦ፣ ሥጋን በመነጽር መስተዋት ላይ ለማጣበቅ የተዘጋጀው ፈሳሽ በስኳሩ ውኃ ቦታ ገብቶ ነበር።

በየመድኃኒት ቤቱ ለቆዳ ማለስለሻ የሚሸጠው ግሊሰሪን እንዲህ ያለ ኃይል ያገኘበት ምክንያት የሚከተለው ነው። ውኃ ሲረጋ በረዶው በሕዋሱ ዙሪያ እየጠነከረ፣ ጨውም ባልረጋው ጥቂት ውኃ ውስጥ እየበዛ ሕዋሱን ያቃጥለዋል፤ ግሊሰሪን ግን ወደ ሕዋሱ ገብቶ የበረዶውንም የጨውንም ጉዳት ያበርድለታል። ሦስቱ ተመራማሪዎች ግኝታቸውን በጥቅምት 1949 አሳተሙ፤ በ1951 ከረጋ ዘር የተገኘች የመጀመሪያዋ ጥጃ በእንግሊዝ ተወለደች። መጀመሪያ በ79 ዲግሪ ከዜሮ በታች በደረቅ በረዶ፣ ኋላም በ196 ዲግሪ ከዜሮ በታች በፈሳሽ ናይትሮጅን ውስጥ የተቀመጠ ዘር ለብዙ ዓመታት ሳይለወጥ ኖረ። ይህን ግኝት ዕድል ብቻ የወለደው የሚመስላቸው አሉ፤ ዕድሉ የሰጠው የተለዋወጠ ወረቀት ብቻ ነው፤ ያልጠበቁትን ነገር አይተው የቀረችውን ፈሳሽ እንዲያስመረምሩ ያደረጋቸው ግን የሠለጠነ ኅሊናቸው ነው።

ከዚህ በኋላ ዘር ጠባቂውና መዝገብ ያዢው ተገናኙ። በኤዲንብራ አለን ሮበርትሰንና ሬንደል በ1950 የወጣት ኮርማዎችን ዘር በጥቂቱ በብዙ መንጋዎች አሰራጭቶ፣ ልጆቻቸው እስኪታለቡ ጠብቆ፣ ከመካከላቸው የተመሰገኑትን ብቻ በብዛት መጠቀም የሚያስገኘውን ጥቅም በሒሳብ አሳዩ፤ በኮርኔል ዩኒቨርሲቲም የለሽ ተማሪ የነበረው ቻርልስ ሄንደርሰን በተለያየ መንጋ፣ በተለያየ ዓመት የተወለዱ ልጆችን መዝገብ በአንድ ሚዛን ለመመዘን የሚያስችለውን የስሌት ዘዴ አበጀ።

ወደ አገራችን ስንመለስ፣ ከጦርነቱ በኋላ ዘዴው በ1950ዎቹ እንደገና ተጀምሮ፣ በ1967 በስዊድን መንግሥት ርዳታ የጭላሎ እርሻ ልማት ድርጅት በአሰላ በተቋቋመ ጊዜ የአርሲ ገበሬ ላሞችን ከውጭ ኮርማዎች ዘር ጋር የማዳቀል ሥራ በስፋት ተያዘ። የእርሻ ምርምር ተቋምም በሆለታ፣ በባኮና በሌሎች ጣቢያዎች የቦረናን፣ የሆሮንና የሌሎችን ዝርያዎች ላሞች ከፍሪዥያንና ከጀርሲ ጋር እያዳቀለ መረመረ። ከዚያ የተገኘው ትምህርት ቀላል አይደለም፤ ግማሽ ደሟ የውጭ የሆነች ላም ከእናቷ እጅግ የበለጠ ወተት ስትሰጥ፣ የውጭው ደም ከዚያ በላይ እየጨመረ በሄደ መጠን ግን መኖ ባነሰበት፣ መዥገርና ሙቀት በበዛበት ስፍራ ጥቅሙ እንደ ደሙ መጠን አይጨምርም። የቦረና ላም ድርቅን መቻል፣ የሸኮ ከብት የገንዲን በሽታ መቋቋም በብዙ ትውልድ የተገኘ ሀብት ነውና፣ ይህን ሀብት ሳይመዘግቡ በውጭ ደም ማጥለቅለቅ ታላቅ ጥፋት ይሆናል ብዬ አምናለሁ።

በ1980ዎቹ በቃሊቲ ብሔራዊ የሰው ሠራሽ ማዳቀያ ማዕከል ተቋቁሞ፣ ከተመረጡ ኮርማዎች አባላዘር እየተሰበሰበና እየረጋ ወደ ክፍላተ ሀገር ይላክ ጀመር። ከዚያ በኋላ ያለው ፈተና የመንገድ ነው። ፈሳሹ ናይትሮጅን በጊዜው ካልተሞላ በዕቃው ውስጥ ያለው ዘር ሁሉ ይሞታል፤ ሻኛማዋ የአገራችን ላም የድራት ጊዜዋ አጭር፣ ምልክቷም ስውር፣ ብዙ ጊዜም በሌሊት ስለ ሆነ፣ ገበሬው አይቶ አዳቃዩን እስኪጠራ፣ አዳቃዩም ሩቅ ቀበሌ እስኪደርስ ሰዓቱ ያልፋል። በመርፌ በሚሰጥ መድኃኒት የብዙ ላሞችን ድራት በአንድ ቀን እንዲሆን በማድረግ አዳቃዩ አንድ ጊዜ ሄዶ ብዙ ላሞችን እንዲያዳቅል የተደረገው ከ2011 ወዲህ በሐዋሳ አካባቢና በትግራይ ከተሞከረ በኋላ ነው።

በባለጠጋዎቹ አገሮች ዘንድ ደግሞ የድል አድራጊነቱ ዋጋ መታየት ጀመረ። የሆልስታይን ላም ወተት ከዓመት ወደ ዓመት ሲጨምር ሳለ፣ በኒው ዮርክ አካባቢ በመጀመሪያው ማዳቀል የሚፀንሱት ላሞች በ1951 ከመቶው 65 የነበሩት በ1996 ወደ 40 ወረዱ፤ መዝገቡ ወተትን ብቻ ይቈጥር ነበርና መካንነቱ በዝምታ ተከማቸ። በ2003 አሜሪካውያን የልጆችን የመፅነስ ችሎታ በኮርማው መመዘኛ ውስጥ አስገቡ። በ1962 የተወለደው ፖኒ ፋርም አርሊንዳ ቺፍ የተባለው ኮርማ 16,000 ሴት ልጆችና ከ500,000 የሚበልጡ የልጅ ልጆች አፍርቶ፣ በወተት መዝገብ ከሁሉ የላቀ ሆኖ ሳለ፣ በደሙ ውስጥ ማንም ያላየው አንድ ስውር ጉድለት ይዞ ነበር። ከአባትም ከእናትም ይህን ጉድለት የወረሰ ፅንስ በማኅፀን ይሞታል፤ ተመራማሪዎች ጉድለቱን በ2016 ለይተው ሲያስታውቁ፣ በ35 ዓመት ውስጥ በዓለም ላይ ግማሽ ሚሊዮን የሚያህል ፅንስ በእርሱ ምክንያት እንደ ጠፋ ገመቱ። ቺፍ ራሱ በ1968 ሞቶ ነበር፤ የረጋው ዘሩ ግን ጥቅሙንም ጉዳቱንም ይዞ ቀጠለ።

ይህ ስውር ጉድለት የተገኘበት መንገድ ለመዝገብ ሰዎች ታላቅ ክብር የሚሰጥ ነው። በ2001 ሜውሲን፣ ሄይዝና ጎዳርድ የእንስሳውን ሙሉ የዘር ምልክት ከልጆች መዝገብ ጋር በማያያዝ፣ ጥጃው ገና ሳይጎለምስ ዋጋውን መገመት እንደሚቻል አስተምረው ነበር፤ በ2009 የአሜሪካ የወተት ከብት አርቢዎች ይህን ዘዴ በሥራ ላይ አዋሉት። የብዙ ሺህ ከብቶች የዘር ምልክት በተሰበሰበ ጊዜ፣ ፖል ቫንራደንና ባልደረቦቹ በ2011 አንድ ነገር አስተዋሉ፤ አንዳንድ ምልክቶች በብዙ ከብቶች ላይ ከአንድ ወላጅ ተወርሰው ይገኛሉ፤ ከሁለቱም ወላጆች ተወርሰው በሕይወት ባለ ከብት ላይ ግን ፈጽሞ አይገኙም። ያልተወለዱትን የጠቆመው በመዝገቡ ውስጥ የነበረው ባዶ ስፍራ ነው። ዛሬ አዲስ ኮርማ ወደ ማዳቀያ ሳይገባ ደሙ ይመረመራል፤ ጉድለቱን የተሸከመውም ከተሸካሚ ላም ጋር እንዳይገናኝ ይጠበቃል።

ይህ ዘዴ የሚሠራው ግን መዝገብ ባለበት አገር ብቻ ነው። በአገራችን አብዛኛዋ ላም አባቷ አይታወቅም፤ ወተቷም አይለካም። ከ2010ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ዓለም አቀፉ የእንስሳት ምርምር ተቋም በኢትዮጵያና በታንዛኒያ ከመንግሥታቱ ተቋማት ጋር ሆኖ፣ የጥቂት ላሞች ባለቤት የሆኑ ገበሬዎችን ቤት ለቤት እየዞሩ የየላሚቱን ወተት፣ የወለደችበትንና የተዳቀለችበትን ቀን የሚመዘግቡ ሠራተኞች አሠማርቷል፤ ከላሚቱ የሚነቀለው ጥቂት ፀጕርም ወደ ቤተ ሙከራ ተልኮ፣ የጽሑፍ መጽሐፈ ትውልድ የሌላት ላም ስንት እጅ የውጭ፣ ስንት እጅ የአገር ደም እንዳላት ይታወቃል። በዚህም መዝገብ እየተመሩ፣ በገበሬው ደጅ፣ በገበሬው መኖ የተፈተኑ ላሞች የወለዷቸው ወይፈኖች ለማዳቀያ ጣቢያ ይመረጡ ጀመር።